አንደኛው ዕጣ እዚህ ተሸጠ

አስከሬኑን ያገኘው ጫማ ሰፊው ነው። ሐሙስ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ፣ ሣጥኑን ከሎተሪ ኪዮስኳ ጎን አስቀምጦ በርጩማውን ሲያመቻች፣ የኪዮስኳ በር ገርበብ ብሎ አየ።

«ጋሽ ነገ፣ ዛሬስ ቀደሙኝ!» ብሎ ተጣራ።

በሩን ገፋ አደረገው። በሩ ግማሽ ድረስ ሄደና አንድ ነገር ያዘው። የያዘው የሰው እግር ነበር።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ መናኸሪያው በሥራ መግቢያ ግርግር ተወጥሮ ነበር። ትናንት አመሻሽ የጣለው ዝናብ በየጉድጓዱ አቁሯል። አውቶቡስ የሚጠብቁት ሰዎች ወረፋቸውን እንዳይነጠቁ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ አንገታቸውን ብቻ ያሰግጋሉ። ኪዮስኳ ከቆርቆሮና ከመስታወት የተሠራች፣ አንድ ሰው ከተቀመጠባት ሌላው ቆሞ የሚያወራባት ጠባብ ነገር ናት። ሟቹ ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ዕድሜው ስልሳ ቢሆን ነው። ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር የተጠገነ ሹራብ ለብሷል።

«ማጅራቱ ከዚህ ጋር ነው የተጋጨው» አለ ሐኪሙ የብረት መደርደሪያውን ጠርዝ በእስክሪብቶው እያሳየ። «ተገፍቶ ይመስለኛል።»

«አዳልጦት ቢሆንስ?»

«ያዳለጠው ሰው የራሱን የሹራብ ቁልፍ አይበጥስም። ሁለቱ ከደረቱ ላይ ተበጥሰዋል። ትናንት ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሞተው።»

የገንዘቡ መሳቢያ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉም ሟቹ ኪስ ውስጥ ተገኘ። ሌላው ነገር ሁሉ ግን ተበርብሯል። ትኬቶች ወለሉ ላይ ተበትነዋል። ከግድግዳ ግድግዳ የተወጠረ ገመድ ተበጥሶ ወድቋል፤ ገመዱ ላይ የነበሩት አምስት የልብስ መቆንጠጫዎችም አብረውት መሬት ላይ ናቸው። መቆንጠጫዎቹ ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎባቸዋል፤ «ሹፌሩ»፣ «ነርሷ»፣ «አስተማሪው»፣ «እማማ»፣ «ደቂቃ»።

ሳጅኗ በጉልበቷ ተንበርክካ ከመደርደሪያው ሥር አንዲት ነጭ ክኒን አወጣች። ረዘም ያለች፣ መሐሏ ላይ መስመር ያላት ክኒን ናት። ወረቀት ውስጥ ጠቅልላ ያዘቻት።

መስታወቱ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ፣ በቀይ ቀለም በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። «የዚህ ወር አንደኛ ዕጣ እዚህ ተሸጠ!» ይላል።

* * *

ጫማ ሰፊው ሻይ አስመጥቶ ነበር፤ ግን አልጠጣውም። ዝም ብሎ ብርጭቆውን ይዞታል።

«ዘጠኝ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል» አለ። «ከሚስቴ ጋር እንኳ እንደዚያ አልተቀመጥኩም።»

«ለምንድነው ጋሽ ነገ የምትሏቸው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ሎተሪ ሲቆርጡልህ 'በል እንግዲህ፣ ነገ ሲያልፍልህ እንዳትረሳኝ' ይሉሃል። ለሁሉም ሰው ነው የሚሉት። እኔ ራሴ እዚች በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ስንት ቪላ ሠርቻለሁ መሰለዎት? አንዱን እንዲያውም አፍርሼ ነው እንደገና የሠራሁት፤ ሚስቴ ደረጃው አልተመቸኝም አለች።»

ሳጅኗ ፈገግታዋን ደብተሯ ላይ ደበቀች።

«ወረቀቱን መቼ ለጠፉት?»

«ትናንት ጠዋት፣ ረቡዕ ማለት ነው። ዕጣው ሰኞ ወጣ። ማክሰኞ ከሎተሪ ቢሮ ደውለው አሸናፊው ትኬት ከእሳቸው እጅ የወጣ መሆኑን ነገሯቸው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ለጠፉት። ከዚያማ ሰው እንደ ጉንዳን ወረረን። ማን ነው፣ ማን ነው፣ ማን ነው! አልተናገሩም።»

«ለአንተም?»

«ለእኔም። 'ባለቤቱ ሳይናገር እኔ ካወራሁ ሰውየው መግቢያ መውጫ ያጣል' አሉኝ። አኮረፍኳቸው። ከሰዓት በኋላ ሙሉ አላናገርኳቸውም። ዝናቡ ሲጀምርም ዕቃዬን ሰብስቤ ደህና እደሩ እንኳ ሳልላቸው ሄድኩ።» ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «አይ የሰው ነገር!»

«ትኬቱ እሳቸው ጋ ቀርቷል ብሎ ያሰበ ሰው ነበር?»

ጫማ ሰፊው ግራና ቀኝ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወንድማቸው። የእናታቸው ልጅ ነው። ትናንት ቀትር ላይ መጥቶ እዚህ መሐል መንገድ ላይ ጉድ አፈላ። 'ብቻህን ልትበላው ነው? አንድ ማኅፀን አይደለም ወይ ያወጣን?' እያለ። አንገታቸውን ሊያንቅ ምንም አልቀረው። ሹፌሮቹ ናቸው የገላገሉት።»

* * *

ወንድምየው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሲያገኙት ሊጥ የሚቦካበት ትልቅ ገንዳ አጠገብ፣ እስከ ክርኑ ዱቄት ለብሶ ቆሟል። የወንድሙን ሞት ሰምቷል፤ ሥራውን ግን አላቆመም። ቀኝ እጁ ላይ ትኩስ ቁስል አለ።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ምድጃ።»

«ትናንት ወንድምህን አንቀህ ነበር።»

«ሹራቡን ነው የያዝኩት።» ሊጡን በቡጢ መታው። «አዎ፣ ጮህኩበት። ሚሊየነር ሆነ ሲሉኝ ጊዜ ደሜ ፈላ። እሱ ሀብታም ሆኖ እኔ ከጎረቤት ልስማ? ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ።»

«እሱስ ምን አለህ?»

«ሳቀ። ሁልጊዜ ሲቆጡት መሳቅ ነው። 'ቁጥሩ የሰው ነው፤ እኔ ምኑም ውስጥ የለሁበትም፤ ባለቤቱ ሲነሳ ይመጣል' አለኝ።»

«ሲነሳ? ከምን ሲነሳ?»

«እኔ እንጃ። ከእንቅልፉ ነዋ!»

«ከአሥራ አንድ እስከ አንድ ሰዓት የት ነበርክ?»

ጋጋሪው በአገጩ ወደ ምድጃው ጠቆመ። አለቃው መጥቶ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ለሆቴሎች የሚሄደውን ዳቦ ሲያወጣ እንደነበር መሰከረ። ምድጃው አንዴ ከጋለ ጋጋሪው ለሽንት እንኳ ከወጣ ዳቦው ያርራል፤ ትናንት ደግሞ አንድም ዳቦ አላረረም። ሌሎቹ አራት ሠራተኞችም ይህንኑ አሉ። ምድጃው እጁን ሲያቃጥለው አብረውት ነበሩ፤ ጥጥ ያሰሩለትም እነሱ ናቸው።

«ወንድምህ የሚወስደው መድኃኒት ነበረው?» አለች ሳጅኗ ክኒኗን እያሳየችው።

«እሱ? ራሱን ሲያመው እንኳ መሐረብ ነው የሚያስረው።» ዓይኑን በክንዱ ሲጠርግ ግንባሩ ዱቄት ሆነ። «ልጅ ሆነን ሎተሪ ቢደርሰን ምን እናደርጋለን እየተባባልን ነበር የምንተኛው። እሱ ሁሌ ለእኔ ነበር የሚገዛልኝ። ብስክሌት፣ ጫማ... ለራሱ ምን እንደሚገዛ ጠይቄውም አላውቅ።»

ከዳቦ ቤቱ ሲወጡ ሳጅኗ፣ «እሱ አይደለም» አለች።

«አይደለም» አለ ኢንስፔክተሩ።

* * *

የሎተሪ ቢሮዋ ሠራተኛ ከመስኮት ጀርባ የምትቀመጥ፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ስለ ጋሽ ነገ ሲጠይቋት መነጽሯን አውልቃ አስቀመጠች።

«ትኬት በሚከፋፈልበት ቀን ሁልጊዜ የመጀመሪያው ሰልፈኛ እሱ ነው» አለች። «አምስት ቁጥሮች አሉት። በቃሉ ነው የሚጠራልኝ። እኔም አውቅለትና ለብቻ አስቀምጥለታለሁ።»

«የእሱ ቁጥሮች ናቸው?»

«የደንበኞቹ። በየወሩ ያንኑ ቁጥር ካልሆነ የማይቆርጡ ሰዎች አሉ። አንዱ የመኪናውን ታርጋ፣ አንዷ የቤቷን ስልክ... ጉዳቸው ብዙ ነው። አሸናፊው ቁጥር ከአምስቱ አንዱ ነው።» በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፈችለት። 170978።

«ሳይሸጥ የቀረ ትኬት ይመለሳል?»

«ዕጣው ከመውጣቱ በፊት መመለስ አለበት። እሱ ያንን አልመለሰም፤ ስለዚህ ሸጦታል ማለት ነው። እስካሁን ግን ትኬቱን ይዞ የመጣ የለም።»

«የማን ቁጥር እንደሆነ ነግሮሽ ያውቃል?»

«ጠይቄው ነበር። 'አንቺ ቁጥሩን ያዢ፣ እኔ ሰውየውን እይዛለሁ' አለኝ።»

ውጪ ደረጃው ላይ ሳጅኗ የአምስቱን መቆንጠጫዎች ስም ከደብተሯ አነበበች። አምስት ቁጥር፣ አምስት መቆንጠጫ። ደንበኛው እስኪመጣ ድረስ ጋሽ ነገ ትኬቱን በየስሙ ገመድ ላይ ይሰቅለዋል ማለት ነው። ገዳዩም ገንዘብ ሳይነካ ገመዱን የበጠሰው ይህን ስለሚያውቅ ነው።

* * *

ባለቤቶቹን የጠቆመው ጫማ ሰፊው ነው። ሹፌሩን መሪ ላይ፣ አስተማሪውን ክፍል ውስጥ አገኟቸው። «እማማ» የተባሉት ደግሞ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሦስቱም የዚህን ወር ትኬት አሳዩ። እማማ ያልወጣውን ትኬት እንኳ አልጣሉትም፤ ከሌሎቹ ጋር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጠውታል።

«ሲሰበሰቡ ደስ ይሉኛል» አሉ።

ሳጅኗ በነርሷ ላይ ተስፋ ጥላ ነበር። ክኒን ያለው ነርስ ጋ ነው። ነርሷ ግን ትኬቷን ከጋውን ኪሷ አውጥታ ሰጠቻቸው፤ ረቡዕ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ተረኛ እንደነበረች መዝገቡ ይናገራል። ክኒኗን መዳፏ ላይ አድርጋ ገለባበጠቻት።

«ይቺ የሳንባ ምች ለያዛቸው ነው የምትታዘዘው። ተኝተው ታክመው ሲወጡ ቤት የሚጨርሱት ነው። በፖስታ ነው የምንሰጣቸው።»

ኢንስፔክተሩ ክኒኗን ተቀበላት። ኮሪደሩ ላይ ትንሽ ሄደና ቆመ።

«ባለቤቱ ሲነሳ ይመጣል» አለ። «ጋጋሪው ከእንቅልፉ ሲነሳ መስሎት ነበር።»

«ከሕመሙ ሲነሳ» አለች ሳጅኗ።

ጫማ ሰፊው ዘንድ ተመለሱ። የቀረው «ደቂቃ» ብቻ ነው።

«ሰዓት ሠሪው ነዋ!» አለ ጫማ ሰፊው። «መቼ ይደርሳል ካልከው 'ደቂቃ ስጠኝ' ይልሃል፤ ከዚያ ሦስት ሳምንት ያመላልስሃል። እሱ እንኳ የለም፤ ታሞ ከተኛ ሰነበተ።»

* * *

የሰዓት መጠገኛ ሱቁና መኖሪያ ቤቱ አንድ ላይ ናቸው። ፊት ለፊት መስታወት ያለበት ጠረጴዛ፣ ከጀርባው መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ወዲያ አንዲት ክፍል። ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉት ሰዓቶች ሁለቱ እንኳ ተመሳሳይ ሰዓት አያሳዩም።

በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት። ሰዓት ሠሪው አልጋ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ጉንጮቹ ገብተዋል፤ ጣቶቹ ግን እንደ ወጣት ጣት ቀጥ ያሉ ናቸው።

«ስለ ጋሽ ነገ ሰምተዋል?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ሰማን። ነፍስ ይማር።»

«እርስዎ ደንበኛቸው ነበሩ።»

«ድሮ። ሎተሪ ትቻለሁ።»

«መቼ ተዉት?»

«ከታመምኩ ወዲህ።»

«ቁጥርዎ ስንት ነበር?»

«ማን ያስታውሰዋል?» አለና ሳል ያዘው።

ሚስቱ ውሃ አቀበለችው። ኢንስፔክተሩ ሳሉ እስኪያልፍለት ክፍሉን ቃኘ። ከአልጋው በላይ የሠርግ ፎቶ ተሰቅሏል። ወጣቱ ሙሽራ ካሜራውን ሳይሆን ሙሽሪትን ያያል። ከፎቶው ግርጌ ፎቶ አንሺው በነጭ ቀለም ቀኑን ጽፎበታል። 17-09-78።

ኢንስፔክተሩ ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጋሽ ነገ ሰሞኑን እዚህ መጥተው ነበር?» ብሎ ሚስትየዋን ጠየቃት።

«አልመጡም» አለች። ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመለሰችው።

«ረቡዕ አመሻሽ ባለቤትዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከአልጋው አልወረደም።»

በሩ አጠገብ፣ ወንበር ላይ፣ የወንድ ካፖርት እንዲደርቅ ተዘርግቷል። ሳጅኗ ክንዱን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። ጨርቁ ወፍራም ነው፤ ብብቱ አካባቢ ገና አልደረቀም። እጇን ወደ ኪሱ ሰደደች። ጥጉ የተቀደደ ትንሽ የወረቀት ፖስታ አወጣች። ፖስታው ውስጥ ረዘም ያሉ፣ መሐላቸው መስመር ያላቸው ነጭ ክኒኖች አሉ።

ሰዓት ሠሪው እግሮቹን ከአልጋው አወረደ።

«ካፖርቴን ልልበስ?» አለ።

«እሱን እኛ እንይዘዋለን» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሌላ ነገር ይልበሱ።»

ሚስቱ ሹራብ አመጣችለት። ስታለብሰው እጆቿ ቁልፎቹን አሳስተው ቆለፉ።

* * *

ቃሉን ለመስጠት አላንገራገረም። ጠረጴዛው ላይ እጆቹን ዘርግቶ፣ የሌላ ሰው ሰዓት ምን እንደነካው ለደንበኛ እንደሚያስረዳ ሆኖ ተናገረ።

«አሥራ አንድ ዓመት ያንን ቁጥር ቆርጫለሁ። አንድ ወር አምልጦኝ አያውቅም። ሆስፒታል ስገባ የቸገረኝ እሱ ነው። ግን ጋሽ ነገ ቁጥሬን ለሌላ እንደማይሰጥ አውቃለሁ፤ ቤት ድረስ ያመጣልኛል ብዬ ተማመንኩ። ሰኞ አመሻሽ በሬዲዮ ቁጥሩ ተነበበ። የራሴ ቁጥር! ከአልጋ ዘልዬ ተነሳሁ። ሚስቴን ጋሽ ነገ አምጥቷል ወይ አልኳት። አልመጣም አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ማክሰኞን ጠበቅኩት። አልመጣም። ረቡዕ አንድ ደንበኛ ሰዓቱን ሊወስድ መጥቶ ወረቀት መለጠፉን ነገረኝ። አሸናፊውን ማንም አያውቀውም አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ የምሞት መስሎት ለራሱ አስቀርቶታል ብዬ አሰብኩ። ሚስቴ ዳቦ ልትገዛ ስትወጣ ካፖርቴን ደርቤ ሄድኩ። ዝናቡ የኪዮስኳን ቆርቆሮ እየደበደበው ነበር። ገባሁና ትኬቴን ስጠኝ አልኩት።»

«ምን አለዎት?»

«'ለባለቤትህ ሰጥቻታለሁ' አለኝ።» ሰዓት ሠሪው ከንፈሩን ነከሰ። «ሌላ ውሸት ቢዋሸኝ ኖሮ... ሚስቴን ጠርቶ ሲዋሸኝ ግን ዓይኔን ጋረደኝ። ደረቱን ይዤ ገፋሁት። ወደቀ፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ ገመዱን በጠስኩ፤ ትኬቶቹን አየሁ። የእኔ የለም።»

ፈረመ። ጽሕፈቱ የጠራ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ሳጅኗ ፋይሉን ብብቷ ውስጥ አደረገች። «እንግዲህ አለቀ» አለች።

«ትኬቱስ?»

«ሟቹ የሆነ ቦታ ደብቆት ይሆናላ።»

«ሊሰርቅ የፈለገ ሰው በቀይ ቀለም ጽፎ መስታወት ላይ ይለጥፋል?» አለ ኢንስፔክተሩ። «ይሄ ሰው ለጫማ ሰፊው አልዋሸም፤ ለወንድሙ አልዋሸም፤ ለቢሮዋ ሴት አልዋሸም። ለምን ለአንዱ ብቻ ይዋሻል?»

* * *

ሚስትየዋ ሱቁ ውስጥ ነበረች። የደንበኞቹን ሰዓቶች ለባለቤቶቻቸው ለመመለስ በየስማቸው እየለየች ጠረጴዛው ላይ ትደረድራለች። ኢንስፔክተሩን ስታይ የያዘችውን ሰዓት አስቀመጠች።

«ጋሽ ነገ መጥተው ነበር» አለ ኢንስፔክተሩ።

የደረደረቻቸውን ሰዓቶች ወደ ጎን ገፋች።

«ያለፈው ዓርብ ዕለት» አለች። «እሱ ተኝቶ ነበር። በሩ ላይ ቆመው ሰጡኝ። 'ለታመመ ሰው ብርቱካን ነበር የሚወሰደው፤ ለእሱ ግን ይሄ ይሻለዋል፤ የእኔ መጠየቂያ ነው፣ ይማረው' አሉ። ግቡ ብላቸው እንቢ አሉኝ፤ ኪዮስካቸውን ለጫማ ሰፊው አደራ ብለው ነበር የመጡት።»

«ትኬቱን ምን አደረጉት?»

«ቀደድኩት።»

ኢንስፔክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እዚያው በሩ ላይ፣ ገና ሳይርቁ» አለች። «እርስዎ አይገባዎትም። አሥራ አንድ ዓመት። ዕጣው ሊወጣ ሲል ያለው ሳምንት እዚህ ቤት ሠርግ ነው። የምንገዛውን ቤት ያወራልኛል፤ መጋረጃ ያስመርጠኛል። እውነቴን ነው፣ ስለሌለን ቤት መጋረጃ ቀለም ተጣልተን ተኮራርፈን እናውቃለን። ከወጣ በኋላ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሁለት ቀን ይተኛል። በሦስተኛው ቀን ይነሳና 'የሚቀጥለው ወር' ይላል። ሐኪሙ ሳንባህ እንዲህ ሆኗል ብሎ ሲነግረው እንኳ እሱ የሚጠይቀው ስለ ትኬቱ ነበር። አንድ ወር ብቻ ቢያልፈው አልኩ። አንድ ወር ሳይቆርጥ ቢኖር፣ እንደማይሞት ቢያይ፣ ይለቀዋል አልኩ።»

«ቁጥሩን ያውቁታል።»

«የሠርጌ ቀን ነው፤ እንዴት አላውቀው? በየወሩ የሠርጌ ቀን 'አልወጣም' ሲባል መስማት ሰለቸኝ።»

«ሰኞስ?»

«ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ሬዲዮው ቁጥሩን ሲያነብ ቢላዋውን አስቀመጥኩት። እሱ ጮኸ፤ ከአልጋው ወረደ፤ አቀፈኝ። ካቀፈኝ ስንት ጊዜው! 'ጋሽ ነገ አምጥቶታል አይደል?' አለኝ። አልመጣም አልኩት። ምን ልበለው? ትንሽ ይረጋጋ፣ ጠዋት እነግረዋለሁ አልኩ። ማክሰኞም እንደዚያው አልኩ። ረቡዕ ከዳቦ ቤት ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። ርሶ ገባ። አየር ልቀበል ወጥቼ ነው አለኝ። ሐሙስ ጎረቤቶች ሲያወሩ ሰማሁ።»

«ቁርጥራጩ አለ?»

«የቆሻሻ መኪናው ቅዳሜ ወስዶታል።»

ኢንስፔክተሩ ደብተሩን ዘጋ። «ትኬት በመቅደድ የሚከሰስ የለም» አለ። «ረቡዕ ከአልጋው አልወረደም ያሉት ግን የሐሰት ቃል ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ይገባል።»

ራሷን ነቀነቀች። ያ ያሳሰባት አይመስልም።

«ለእሱ ማን ይነግረዋል?»

«ወይ እኔ፣ ወይ ጠበቃው።»

«እኔ ልንገረው» አለች።

* * *

ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለ። ሰዓት ሠሪው ተቀምጧል። ሚስቱ ተቀመጪ ስትባል አልተቀመጠችም፤ ቆማ ነገረችው። ሳታሳጥር፣ ሳታለቅስ፣ ከበሩ ጀምራ እስከ ሽንኩርቱ ድረስ ነገረችው። ኢንስፔክተሩ ሰውየው ከተነሳባት መሐል ለመግባት በሩ አጠገብ ቆሞ ይጠባበቅ ነበር። ሰውየው ግን አልተነሳም።

«ከመውጣቱ በፊት ነው የቀደድሽው?» አለ።

«በፊት። ዓርብ።»

«መውጣቱን ሳታውቂ።»

«ሳላውቅ።»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ጣቶቹን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ አስተካከላቸው። ሲናገር ለሚስቱም ለኢንስፔክተሩም አልነበረም።

«መጀመሪያ በቀስታ ነበር የነገረኝ» አለ። «ያልሰማሁ መሰለውና ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። 'ለባለቤትህ ሰጥቻታለሁ፣ ሂድ ጠይቃት' አለ። ሦስተኛውን መሬት ላይ ሆኖ ነው የነገረኝ።»

ሚስቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ኢንስፔክተሩ ወደ ጠረጴዛው መጣ፤ ባዶውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የተፈረመውን ቃል ከፋይሉ አወጣ። «ወደቀ፤ በዚያው ቀረ» የሚለው መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«መሬት ላይ ሆኖ?» አለ። «ከወደቀ በኋላ ይናገር ነበር?»

«ይናገር ነበር።»

«ምን ያህል ቆየ?»

ሰዓት ሠሪው አሰበ። በትክክል ለመመለስ የሚጥር ይመስል ነበር።

«ትኬቱን ፈልጌ እስክጨርስ» አለ።

ሚስቱ በሩን ከፍታ ወጣች። ኢንስፔክተሩ አዲስ ወረቀት ስቦ የተባለውን ጻፈ፤ እንዲፈርምበትም ወደ ሰውየው ገፋለት።